ፖል ሴዛንና ያላለቀው ሸራ

በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ከተማ 2025ን ለአንድ ልጇ፣ ለሠዓሊው ፖል ሴዛን፣ ሰጥታው ከረመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቤተሰቡ መኖሪያ የነበረው ዣ ደ ቡፋን ታድሶ ተከፈተ፤ ሌ ሎቭ በተባለው ኮረብታ ላይ ያለው የመጨረሻ ስቱዲዮው ተጠግኖ እንደገና ጎብኚ መቀበል ጀመረ፤ የከተማዋ ግራኔ ሙዚየምም ከየአገሩ በውሰት የመጡ ሥራዎቹን የአውሮፓን በጋ ሙሉ አሳየ። ይኸው ሙዚየም በፖል ሴዛን ዘመን ኦንሪ ፖንቲዬ የሚባል ዳይሬክተር ነበረው። ሰውዬው እሱ በሕይወት እያለ የሴዛን ሥዕል በዚያ በር እንደማይገባ መማሉ ይነገራል፤ መሐላውንም ጠብቋል። ሙዚየሙ የሴዛንን የዘይት ቀለም ሥዕሎች በወጉ መስቀል የቻለው በ1984 የፈረንሳይ መንግሥት ስምንት ትናንሽ ሥራዎች በአደራ ካስቀመጠለት ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የሴዛን ዋና ዋና ሥራዎች በፓሪስ፣ በለንደን፣ በሞስኮና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ተሰራጭተው፣ ለኤክስ ከሞላ ጎደል የተረፈ አልነበረም። “ካርታ ተጫዋቾቹ” ብሎ ከሳላቸው አምስት ሸራዎች አንዱን በ2011 የኳታር ንጉሣውያን ቤተሰብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደገዛው ተዘግቧል።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ዓይናቸው በተሸፈነ ሰዎች መካከል እንደኖረ ብቸኛ ጀግና ታሪክ ነው። እኔ በዚህ አተራረክ አልስማማም። ሴዛንን የገፉት ሰዎች አብዛኞቹ ሞኞች አልነበሩም። ሥዕሉ ከተመልካች ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይነጥቃል፤ ነገሩ ተጠናቋል፣ ታውቋል፣ አብቅቷል የሚለውን እርግጠኝነት። ይህን የተነጠቁ ሰዎች መቆጣታቸው አያስደንቅም። ይልቁን መመርመር ያለበት፣ ይህ ዓይን አፋር ሰው፣ የጥንት ሠዓሊዎችን ለመቅዳት ሉቭር ሙዚየም ሲመላለስ የኖረ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም የባንክ ባለቤት ልጅ፣ እንዴት አድርጎ የአውሮፓን የአምስት መቶ ዓመት የአሳሳል ሥርዓት ከመሠረቱ እንዳናጋው ነው። መልሱ ያለው በጥርጣሬው ውስጥ ይመስለኛል። ሴዛን ያላረጋገጠውን በሸራ ላይ ለማስፈር እምቢ አለ፤ ዘመናዊው ሥዕልም ከዚያ እምቢታ ተነሳ።

ሴዛን የተወለደው ጃንዋሪ 19 ቀን 1839 ነው። አሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 7፣ ፓሪስ ላይ የሳይንስ አካዳሚው ስለ ዳጌር የፎቶግራፍ ፈጠራ ይፋ መግለጫ ሰምቶ ነበር። የዕድል ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን በኋላ እንደምናየው ካሜራና ሴዛን የተገናኙበት ጉዳይ አለ። አባቱ ሉዊ-ኦገስት ከባርኔጣ ሠሪነትና ነጋዴነት ተነስቶ በ1848 ከአንድ ሸሪኩ ጋር ባንክ ያቋቋመ ብርቱ ሰው ነበር። ልጁ ሕግ እንዲማር፣ ቀጥሎም ባንኩን እንዲረከብ ፈለገ። ልጁ ሕግ ጀመረ፤ ልቡ ግን ሸፍቶ ነበር። በ1861 ፓሪስ ሄደ፤ ከወራት በኋላ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰና በአባቱ ባንክ ተቀጠረ፤ በ1862 ደግሞ እንደገና ወደ ፓሪስ ሄደ። ዝነኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ኤኮል ደ ቦዛር፣ አልተቀበለውም። አባትየው እያጉረመረመ ወርሃዊ ተቆራጭ ይልክለት ጀመር።

በዚህ ገንዘብ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ስለ ሴዛን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ይታለፋልና። በ1866 አባቱን ጋዜጣ ሲያነብ ሳለው። ሽማግሌው ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ላይ ያለው ጋዜጣ ግን እሱ የሚያነበው ጋዜጣ አይደለም። የልጁ ጓደኛ ኤሚል ዞላ አዲሶቹን ሠዓሊዎች እየደገፈ የጻፈበት “ሌቬንማን” ነው። ልጁ በአፉ ሊለው ያልደፈረውን በቀለም አለው። ፍርሃቱ ግን እስከ ጎልማሳነቱ አልለቀቀውም። በ1869 ኦርታንስ ፊኬን ተዋወቀ፤ በ1872 ፖል የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ሴዛን ግን ልጅ መውለዱን ከአባቱ ደበቀ። በ1878 ለሴዛን የተላከ ደብዳቤ አባትየው ከፍቶ ሲያነብ ነገሩ ተጋለጠና ተቆራጩ ተቀነሰ። በዚያን ጊዜ ለኦርታንስ በወር 60 ፍራንክ እየላከ የደገፋት ዞላ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው፣ የአንድ ልጅ አባት፣ ከአባቱ ቁጣ ተደብቆ በጓደኛው እጅ ቤተሰቡን ሲያኖር አስቡት። ጋብቻቸው የተፈጸመው በኤፕሪል 1886 ነው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አባቱ ሞቶ ሴዛን ከእህቶቹ ጋር ዕድሜ ልኩን የሚያኖረው ሀብት ወረሰ።

ያ ተቆራጭ አዋራጅ ነበር፤ የሰጠው ነጻነት ግን ከባድ ዋጋ አለው። በዘመኑ ከነበሩት ሠዓሊዎች ሞኔ ለዓመታት የብድር ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሯል። ፒሳሮ ብዙ ልጆች ስለነበሩት ሥዕል ሳይሸጥ ማደር አይችልም ነበር። ሊሸጥ የሚሠራ ሠዓሊ ደግሞ ሸራውን መጨረስ አለበት፤ ገዢ ግማሹ ባዶ የሆነ ሥዕል አይወስድለትም። ሴዛን አንድን ሥዕል ለዓመታት ሊያቆየው፣ ሊተወው፣ ዛፍ ሥር ጥሎት ሊሄድ ይችል ነበር። ተሰጥኦውም ጽናቱም የራሱ ናቸው፤ ላለመጨረስ ያገኘው ፈቃድ ግን ከአባቱ ካዝና የመጣ ነው። ባለባንኩ ሳያውቀው፣ ሳይወደውም፣ ለዘመናዊ ሥዕል ትልቁን ድጋፍ የሰጠ ሰው ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ሥራዎቹ ጨለማ ናቸው። ቀለሙን በብሩሽ ሳይሆን በቀለም ቢላ እየቆረሰ ይለጥፈዋል፤ አጎቱን ዶሚኒክን በዚህ መንገድ ደጋግሞ ስሎታል። ግድያ፣ ጠለፋ፣ ቁጣ የሞላባቸው ትዕይንቶችም አሉ። ኦፊሴላዊው የፓሪስ አውደ ርእይ፣ ሳሎን የሚባለው፣ ሥራውን ባቀረበ ቁጥር መለሰበት። በ1866 የጥበባትን የበላይ ኃላፊ በደብዳቤ ሞግቷል፤ ውድቅ የሆኑ ሥራዎች በ1863 እንደተደረገው ለብቻቸው ይታዩ ብሎ። ሰሚ አላገኘም። በዕድሜው ሳሎን የገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1882 ነው፤ ያም የዳኝነቱ አባል የሆነ ወዳጁ አንትዋን ጊየሜ ተማሪዬ ነው ብሎ ስላስገባው ነው።

የሴዛንን እጅ የለወጠው ካሚል ፒሳሮ ነው። በካሪቢያን ደሴት የተወለደው፣ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ግድም የሚበልጠው ፒሳሮ የዋህና ታጋሽ መምህር ነበር። ከ1872 ጀምሮ ሴዛን ከነቤተሰቡ በፖንትዋዝ፣ ቀጥሎም በኦቬር ተቀምጦ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ሳለ። የፒሳሮን አንድ የሉቭሲየን ሥዕል ተውሶ እንደ ደቀ መዝሙር ቀዳው። ጥቁሩና ቡናማው ቀለም ከገበታው ወጣ፤ ቢላው ተቀመጠ፤ አጫጭር የብሩሽ ጭረቶች መጡ። ከሁሉ በላይ ከምናቡ ወጥቶ ፊቱ ያለውን መመልከት ጀመረ። ያንን ቁጡ ወጣት ፒሳሮ እየገሠጸ ሳይሆን አብሮት ሜዳ ላይ እየቆመ ነው ያረጋጋው። ሴዛን ይህን ውለታ አልረሳም፤ ካረጀ በኋላም በአንድ አውደ ርእይ ዝርዝር ላይ ራሱን የፒሳሮ ተማሪ ብሎ አስመዝግቧል።

ኤፕሪል 1874 ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች የመጀመሪያ አውደ ርእያቸውን በፎቶ አንሺው ናዳር የቀድሞ ስቱዲዮ ሲከፍቱ ሴዛን አብሯቸው ነበር። ከኦቬር ያመጣው “የተሰቀለው ሰው ቤት” ገዢ አገኘ፤ ሌላው ሥራው ግን የሳቅ መዘባበቻ ሆነ። በ1877 ሦስተኛው አውደ ርእይ ላይ እንደገና ተሳተፈ፣ እንደገና ተሳቀበት። ከዚያ በኋላ ራሱን አገለለ። እስከ 1895 ድረስ ለአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ፓሪስ ሥራውን በወጉ የምታይበት ቦታ አልነበራትም። ታላቁ ለውጥ የመጣው ማንም በማያየው በዚያ ረጅም ዝምታ ውስጥ ነው።

ለውጡ ምን እንደሆነ ለመረዳት ፖም መመልከት ይበቃል። ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም በ1893 ግድም የተሳለ “የፖም ቅርጫት” የሚባል ሥራው አለ። ጠረጴዛ፣ የተጨማደደ ነጭ ጨርቅ፣ ያዘነበለ ቅርጫት፣ ጠርሙስ፣ በሳህን ላይ የተደረደረ ብስኩት። በመጀመሪያ ዕይታ ተራ ነገር ነው። ቆየት ብሎ ያየ ግን የጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ከጨርቁ ግራና ቀኝ በአንድ መስመር እንደማይገጥም ያስተውላል። ጠርሙሱ ዘንበል ብሏል። ብስኩቶቹ ከታች ከጎን፣ ከላይ ደግሞ ከአናታቸው የታዩ ይመስላሉ። ሥዕል መማር የጀመረ ልጅ እንኳ የጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መሳል ያውቃል፤ በዚያን ጊዜ ሴዛን ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሎሬንስ ላይ ብሩኔሌስኪና አልቤርቲ የቀመሩት የርቀት አሳሳል ሕግ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ተመልካቹ አንድ ዓይን ይኑረው፣ ያም ዓይን አይንቀሳቀስ። በዚህ ሁኔታ ትይዩ መስመሮች ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ፣ ሩቁ ያንሳል፣ ቅርቡ ይገዝፋል። ካሜራ ይህንን ሕግ በመሣሪያ የፈጸመ ነው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ቅጽበት። ሰው ግን እንዲህ አያይም። ሁለት ዓይን አለን፤ አንገታችንን እናዘነብላለን፤ ጠረጴዛውን ስናይ ፖሙን አናይም፣ ወደ ፖሙ ስንመለስ የጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ቦታውን ለቆ እናገኘዋለን። በተለምዶ አእምሯችን እነዚህን ዕይታዎች አስታርቆ አንድ ቀጥ ያለ ጠረጴዛ ይሰጠናል። ሴዛን ዕርቁን አልተቀበለም። ግራውን ሲያይ ያየውን በግራ፣ ቀኙን ሲያይ ያየውን በቀኝ አሰፈረው፣ ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ሁለቱንም አቆያቸው።

የነገሮች ጠርዝም እንዲሁ ነው። ፖም ክብ ስለሆነ በዙሪያው መስመር የለውም፤ መስመሩ የምንለው ፖሙ ከዓይናችን ዞሮ የሚሰወርበት ቦታ ነው። ሴዛን አንድ ደፋር መስመር ከማስመር ይልቅ ሁለት ሦስት የተቆራረጡ ሰማያዊ ጭረቶችን ይተዋል፤ ዓይናችን በመካከላቸው ሲመላለስ ፖሙ ክብደት ያገኛል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጠርዙን ከፍቶት የፖሙ ቀለም ወደ ጨርቁ፣ የቅርቡ ዛፍ ወደ ሩቁ ተራራ ይፈስሳል። ጥልቀትን በጥቁርና ነጭ ጥላ ሳይሆን በቀለም ለውጥ ነው የሠራው፤ ቀይና ቢጫ ወደ እኛ ይቀርባሉ፣ ሰማያዊ ይርቃል፣ በመካከል ያለው ደረጃ ሁሉ በትናንሽ የቀለም ንጣፎች ይሞላል። የኢምፕሬሽኒስቶች ብርሃን ደስ ይለው ነበር፤ የሚያስጨንቀው ነገሮቹ በብርሃኑ ውስጥ ሟሙተው መቅረታቸው ነው። ያንን ብርሃን እንደ ሙዚየም ጥበብ ጽኑ ማድረግ እንደሚፈልግ ለወጣቶች ተናግሯል። ይህ የአማፂ ምኞት አይደለም። የጥንቱን ሠዓሊ የፑሳንን ሥርዓት ሜዳ ላይ ወጥቶ በዓይኑ ለማግኘት የፈለገ ሰው ምኞት ነው።

እዚህ ላይ አዝጋሚነቱ ትርጉም ያገኛል። እያንዳንዱ ጭረት ከጎረቤቱ ጋር የሚለካ ከሆነ አንዱን መለወጥ ሁሉንም መለወጥ ነው። ሥራው ከመዘግየቱ የተነሳ ፖሞቹ ይበሰብሱበት፣ አበቦቹ ይጠወልጉበት ስለነበር በወረቀት አበባ ይጠቀም ነበር። በ1899 የሥዕል ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር ለፖርትሬቱ 115 ጊዜ እንደተቀመጠለት ራሱ ጽፏል፤ እንቅልፍ ወስዶት ሲወድቅ ሴዛን እንደ ፖም ያለመንቀሳቀስ ግዴታውን በቁጣ አስታወሰው። ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ፔቲ ፓሌ ሙዚየም አለ። በተሳለው የቮላር እጅ ላይ ሁለት ቀለም ያልነካቸው ነጠብጣቦች ነበሩ። ቮላር ሲጠይቀው፣ ትክክለኛውን ቀለም ሳያገኝ ዝም ብሎ ቢደፍነው ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ሥዕሉን በሙሉ እንደገና መሥራት እንደሚኖርበት ነገረው። በመጨረሻም ሥራውን ሲተወው የሸሚዙ ፊት እንዳላስከፋው ብቻ ተናገረ። ይህ ወሬ ብዙ ጊዜ ለቀልድ ይነገራል። እኔ ግን ከሴዛን ጽሑፎች ሁሉ በላይ ሥራውን የሚያስረዳው ይህ ነው እላለሁ። በሰው እጅ ላይ የቀረች ባዶ ነጠብጣብ ለእሱ የሐቀኝነት ጉዳይ ነበረች፤ የማያውቀውን የሚያውቅ መስሎ አልሞላትም።

ኦርታንስ ደግሞ ከማንም በላይ ተቀምጣለታለች። በዘይት ቀለም ብቻ 29 ጊዜ ስሏታል። ፊቷ አይስቅም፣ ስሜቷን አይገልጥም፤ በዚህም ምክንያት የሴዛን ጓደኞች ንቀዋታል፣ ጸሐፍትም ለረጅም ጊዜ ደረቅ ሚስት አድርገው ስለዋታል። ይህ ፍርድ ግፍ ነው። ለሰዓታት፣ ለቀናት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ሥራ ነው፤ ያለ እሷ ትዕግሥት የሴዛን የሰው መልክ አሳሳል አይኖርም ነበር። “ወይዘሮ ሴዛን በቀይ ልብስ” የሚለውን ያየ ሰው ባልየው ፊቷን እንደ ተራራው በጥንቃቄ እንደመረመረው ይገነዘባል፤ እሷም ዓይኗን ሳትሰብር መልሳ ታየዋለች።

ከዞላ ጋር የነበረው ወዳጅነት ሌላው የሕይወቱ ምሰሶ ነው። በኤክስ ትምህርት ቤት ልጆች ዞላን ሲያጠቁት ሴዛን ተከላከለለት፤ በማግሥቱ ዞላ አንድ ቅርጫት ፖም ይዞለት መጣ፤ ሴዛን ሸምግሎ የተናገረው ታሪክ ይህ ነው። በ1886 ዞላ ክሎድ ላንቲየ የሚባል ሠዓሊ ያለበትን “ሌቭር” የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ። ላንቲየ ታላቅ ሥራውን መጨረስ አቅቶት ባላለቀው ሸራ ፊት ራሱን ይሰቅላል። አንባቢዎች ገጸ ባሕርዩ ውስጥ ሴዛንን አዩ። ሴዛን በአጭር ደብዳቤ አመሰገነ፤ ወዳጅነታቸው በዚያች ቀን ተቆረጠ ተብሎም ለዘመናት ተጻፈ። በ2013 ግን በኖቬምበር 1887 የተጻፈ የሴዛን ደብዳቤ ለጨረታ ብቅ አለ፤ ዞላን ስለላከለት ሌላ መጽሐፍ ያመሰግነዋል፣ መጥቶም ሊጠይቀው እንደሚያስብ ይነግረዋል። መቀዛቀዙ እውነት ነው፤ ድራማው ግን የኋላ ሰዎች ያደመቁት ይመስላል።

ከጠቡ ይልቅ የሚያሳዝነው አለመግባባቱ ነው። ዞላ በየቀኑ የተወሰነ ገጽ ሳይጽፍ የማይውል፣ የጀመረውን የሚጨርስ ጸሐፊ ነበር። በእሱ ዓይን ያላለቀ ሸራ ሽንፈት ነው፣ ሽንፈትም ሞት ነው። የልጅነት ጓደኛው ባዶ ቦታን ትቶ ማለፍን እንደ እውቀት እየያዘው መሆኑን አላየለትም። የአይሁዳዊው መኮንን የድሬፉስ የክስ ጉዳይ ፈረንሳይን ሲከፍል ደግሞ በተቃራኒ ወገን ቆሙ፤ ሴዛን የድሬፉስ ደጋፊ አልነበረም፣ በዚህም ከፒሳሮም ከዞላም ራቀ። ይህን ስለ ሥዕሉ ባለን ፍቅር ልናለሰልሰው አይገባም። የሆነው ሆኖ በ1903፣ ዞላ በሞተ በዓመቱ፣ የሥዕል ስብስቡ ሲሸጥ ጋዜጠኛው ኦንሪ ሮሽፎር ዞላንና ሴዛንን አንድ ላይ የሚዘልፍ ጽሑፍ አወጣ፤ የኤክስ ሰዎችም ጋዜጣውን በሴዛን ደጃፍ እስከመጣል ደረሱ። በሜይ 1906 ለዞላ ሐውልት በኤክስ ሲመረቅ ሽማግሌው ሴዛን ቆሞ አለቀሰ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የቀረው ተራራው ነው። 1,011 ሜትር ከፍታ ያለው ሳንት-ቪክቷር ከኤክስ በስተምሥራቅ ከሜዳው ተነጥሎ ይቆማል፤ ነጭ ድንጋዩ እንደ ሰዓቱ ግራጫ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ሴዛን በዘይትና በውሃ ቀለም ከሰማንያ ጊዜ በላይ ስሎታል። በ1880ዎቹ ሥራዎች ውስጥ የባቡር ድልድዩ፣ ቤቱ፣ ጥዱ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። በ1902 የሌ ሎቭን ስቱዲዮ ካሠራ በኋላ በሳላቸው ውስጥ ግን ቤትና ዛፍ አይለይም፤ አረንጓዴ፣ ወርቃማና ሰማያዊ ንጣፎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሰማዩ የሜዳውን አረንጓዴ ይዞ ይታያል፣ በየመካከሉ ያልተቀባ ሸራ አለ። ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ ቢራመድ ተራራ የሌለበት ሥዕል ይሆን ነበር። ሴዛን ያንን እርምጃ አልተራመደም፤ ፊቱ ተራራ ከሌለ የሚጠራጠረው ነገር አይኖረውም። በኦክቶበር 1906 አጋማሽ ሜዳ ላይ ሲስል ዝናብ መታው፤ ራሱን ስቶ በልብስ አጣቢ ጋሪ ወደ ቤት ተወሰደ። በማግሥቱ ጠዋት አትክልተኛውን ቫሊዬን ለመሳል ወደ ስቱዲዮው ግቢ ወጣ። ከሳምንት ገደማ በኋላ ሞተ።

ስሙ የተስፋፋው በሠዓሊዎች በኩል ነው። ፓሪስ ሥራውን በማታይበት ዘመን የቀለም ነጋዴው አባባ ታንጊ በትንሽ ሱቁ ሸራዎቹን ያስቀምጥ ነበር፤ ጎጋንም ኤሚል በርናርም እዚያ ሄደው አይተዋል። ጎጋን አንድ የሴዛን የፍራፍሬ ሥዕል ነበረው፤ ሞሪስ ደኒ በ1900 “ክብር ለሴዛን” ሲል ወጣት ሠዓሊዎችን የሰበሰበው በዚያው ሥዕል ዙሪያ ነው። ቮላር በ1895 ትልቁን አውደ ርእይ ከፈተ። በ1899 ገና ድሃ የነበረው ማቲስ “ሦስት ገላ ታጣቢዎች” የተባለውን ትንሽ ሸራ ከቮላር ገዛ፤ ለ37 ዓመት ይዞት ቆይቶ በ1936 ለፔቲ ፓሌ ሲሰጥ በክፉ ቀን ያጸናው ይህ ሥዕል መሆኑን ጻፈ። በ1907 በመጸው ሳሎን 56 ሥራዎቹ ለመታሰቢያ ሲታዩ ገጣሚው ሪልከ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየተመላለሰ ለሚስቱ ጻፈላት። ብራክ በ1908 ሴዛን ወደ ሳለባት ሌስታክ ወርዶ ቤቶቹን እንደ ተደረደረ ሣጥን ሳላቸው፤ ሃያሲው ሉዊ ቮክሴል ኩብ ብሎ ጠራቸው፤ ኩቢዝምም ስሙን አገኘ።

በዚህ መስፋፋት ውስጥ አንድ ደብዳቤ ከሚገባው በላይ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። በኤፕሪል 1904 ሴዛን ለበርናር ተፈጥሮን በሲሊንደር፣ በኳስና በሾጣጣ ቅርጽ እንዲይዛት መከረው። በርናር በ1907 ደብዳቤዎቹን አሳተመ፤ አንድ ትውልድም ይህችን ምክር እንደ አዋጅ ተቀበላት። ነገር ግን ይህ በየሥዕል ክፍሉ ለጀማሪ የሚሰጥ የቆየ ትምህርት ነው፤ ኩብ በዝርዝሩ ውስጥ እንኳ የለም። በሴዛን ሸራ ላይም ሲሊንደርና ሾጣጣ ፈልጎ የሚያገኝ የለም፤ የሚገኘው በጥንቃቄ የተመዘነ የቀለም ጭረት ነው። ሴዛን ብዙ መናገር የሚወደውን በርናርን ለማስደሰት ወይም ለማሳረፍ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ሥዕሉን ሸፈነው። ከደብዳቤው የተነሱት ሰዎች ከተፈጥሮ ወደ ቅርጽ ሄዱ፤ ሴዛን በሕይወቱ ሙሉ የሄደው ወደ ተፈጥሮ ነው። ፒካሶና ብራክ ታላላቅ ናቸው፤ የጠረጴዛውን የተሰበረ ጠርዝ ወስደው አዲስ ቋንቋ ሠርተውበታል። የወሰዱት ግን የጥርጣሬውን ውጤት እንጂ ጥርጣሬውን አይደለም። ፈላስፋው ሜርሎ-ፖንቲ በ1945 “የሴዛን ጥርጣሬ” ብሎ የጻፈው ድርሰት ከኩቢስቶቹ ማብራሪያ ሁሉ ይልቅ ወደ ልቡ የቀረበው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የሴዛንን እውነተኛ ወራሾች ስፈልግ ወደ ሁለት ዝምተኛ ሰዎች እሄዳለሁ። አንዱ የቦሎኛው ጆርጆ ሞራንዲ ነው፤ ሴዛንን መጀመሪያ ያወቀው በመጽሐፍ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነበር፣ ከዚያም ዕድሜውን በሙሉ ጥቂት ጠርሙሶችንና ጣሳዎችን እያቀያየረ ሳለ። ሌላው አልቤርቶ ጃኮሜቲ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሌ ሎቭ ስቱዲዮ ተሽጦ ሊፈርስ ሲል የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊው ጆን ሬዋልድና ወጣቱ ጸሐፊ ጄምስ ሎርድ ከአሜሪካውያን ገንዘብ አሰባስበው ገዙት፤ በ1954ም ለሕዝብ ተከፈተ። ያው ጄምስ ሎርድ በ1964 ፓሪስ ላይ ለጃኮሜቲ ተቀመጠ። አንድ ከሰዓት ይበቃል ተብሎ የተጀመረው ሥራ 18 ጊዜ አስቀመጠው። ጃኮሜቲ በየቀኑ ፊቱን ይስላል፣ ያጠፋዋል፣ እንደማይቻል ይናገራል፣ በማግሥቱ እንደገና ይጀምራል፤ ሴዛንንም ደጋግሞ ያነሳል። ሥዕሉ የቆመው ሎርድ ወደ አሜሪካ የሚመለስበት ቀን ስለደረሰ እንጂ ስላለቀ አልነበረም።